የመጀመሪያዋ ቁራሽ

ከዚያ ክፉ ጉንፋን ከተነሡ ወዲህ አማቴ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለእኔ መስጠት ጀመሩ። ድሮ ቶስት ሲሠሩ መጀመሪያ የሚቀምሰው ባሌ ነበር፤ የበኩር ልጅ ነው፣ ወጉ ነው። አሁን ግን ሳህኑን ይዘው እሱን ያልፉታል፣ ሴት ልጃቸውንም ያልፏታል፣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አስቀምጠው አይሄዱም። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይቆሙና ፊቴን ያያሉ። አኝኬ እስክውጥ ድረስ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አይነቀልም። በአማት ማድቤት፣ በአማት ዓይን ሥር፣ ተረጋግታ የጎረሰች ምራት ካለች ትንገረኝና እጇን ልሳም። እኔ በየጠዋቱ ምራቄ ነበር የሚደርቀው።

ስለ ፊቴ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ፊቴ ምስጢር አይችልም። የምሠራው መነጽር ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከፊት ለፊት፣ ደንበኛ ላስተናግድ ነበር። ሰው ፍሬም መርጦ፣ አድርጎ፣ “እንዴት ነው?” ሲለኝ አፌ “ያምርብዎታል” ይላል፤ ፊቴ ደግሞ በጎን ሌላ ያወራል። ደንበኛው ፍሬሙን አውልቆ ውልቅ። የሱቁ ባለቤት ታግሶ ታግሶ አንድ ቀን፣ “አንቺ ልጅ፣ እኔ የቀጠርኩት አፍሽን ነው፤ ፊትሽን ማን ቀጠረው?” አለኝና ሌንስ ወደሚሞረድበት ጓዳ አዛወረኝ። እዚያ ከማሽኑ በቀር የሚያየኝ የለም። ተመችቶኝ ነበር።

ቶስቱ እንዲህ ነው። ባሌ የዳቦ መኪና ይነዳል፤ ሳይሸጥ የተረፈውን ዳቦ ይዞ ይገባል። ለቶስት የትናንት ዳቦ ከዛሬው ይሻላል ይላሉ አማቴ፤ የዛሬው የቲማቲሙን ውሃ ይጠጣና ይልፈሰፈሳል። ጣት በሚያህል ውፍረት ይቆርጡታል። መጥበሻውን ቡታጋዙ ላይ ጥደው ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። ቲማቲሙን በስሱ፣ ቃሪያውን በቀለበት፣ ቀይ ሽንኩርቱን ደግሞ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይከትፋሉ። ዳቦው ላይ ደርድረው ቺዙን በመፈቅፈቂያ ከላይ ያዘንቡበታል፤ ይከድኑታል። ቺዙ ቀልጦ ጠርዙ መንጨርጨር ሲጀምር ክዳኑን ያነሡና መስኮቱ ደፍ ላይ በየቆርቆሮው ከተከሉት ቅጠል የዕለቱን ይቀነጥሳሉ፤ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ አንዳንዴ የሽንኩርት ቅጠል። በእጃቸው ቀደድ ቀደድ አድርገው ይበትኑታል እንጂ ቢላ አያስነኩትም። ሻይ ተቀድቶ ስኳሩ እስኪሟሟ ሁሉም አልቋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ያሳደጉት በዚሁ ነው፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንዲት መስኮት ላይ ቆመው፣ ለሚቸኩል መንገደኛ። የተሳፈረ ሰው እንኳ ሽታው ከወንበሩ ያስነሣው ነበር ይላል ባሌ።

ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። የእናት እጅ አይነወርም። ቢያርም፣ ጨው ቢበዛም፣ ጥሬ ቢሆንም መልሱ ያው “እጅሽ ይባረክ” ነው። ባሌ “እጅ ያስቆረጥማል!” የሚል ይጨምርበታል። እህቱ ሚጣ (ስሟ ሚጣ ይሁን እንጂ በር ስታልፍ የሚጨነቀው በሩ ነው) አፏ ሞልቶ ራሷን ትነቀንቃለች። ሚጣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሠፈሩን ሴት ሁሉ እሷ ናት የምታለብሰው። ለደንበኛ “ይኼ ቀለም አይሄድብሽም” ለማለት ዓይኗን አታሽም። እናቷ ፊት ግን ሌላ ሰው ናት። እኔ ባደግኩበት ቤት ምግብ ሲበላሽ “ተበላሽቷል” ይባልና ተስቆ ይታለፋል። እዚህ እንደዚያ ያለ ቃል ከመናገር ቤቱን በላዬ ላይ ማፍረስ ይቀላል።

ጉንፋኑ የመጣው እኔ አራስ እያለሁ ነው። አማቴን አልጋ ላይ ጥሎ ከረመና ለቀቃቸው። ተነሡ፣ ሽርጣቸውን ታጠቁ፣ ሁሉም እንደ ነበረ መሰለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቶስቱን አመጡልኝ። ገና ወደ አፌ ሳቀርበው ሽታው ተቀበለኝ፤ ቺዙ ከርሞ ከርሞ ጫማ ውስጥ ያደረ ካልሲ ሆኗል። ፊቴ ምን እንዳደረገ አላየሁትም፣ ግን እገምታለሁ። አማቴ ቃል ሳይተነፍሱ ሳህኑን ከፊቴ አነሡ። የባሌንም አነሡበት፤ ግማሹን ጨርሶ ነበር። ሚጣ የራሷን ቁራሽ አጠናቃ ጣቷን እየላሰች ነው። የተረፈውን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ደፉት፤ አዲስ ቺዝ ከፍተው እንደ ገና ሠሩ፤ እንደ ገናም መጀመሪያ ለእኔ አመጡልኝ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

መኝታ ቤት ስንገባ ባሌ በሩን ዘጋ።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ምን አልኩ? ቃል ወጣኝ?”

“ፊትሽ! ያንን ፊት ለእናቴ?”

“ቺዙ ሸቷል እኮ። አንተ አልሸተተህም?”

“ሸቶኛል።”

“ታዲያ ለምን በላኸው?”

ምን ዓይነት ጅል ናት በሚል ዓይን አየኝ። “እናቴ ናታ የሠራችው!” አለ።

ከዚያ ነገሩን አፈረጠው። ጉንፋኑ ሲሄድ የእናቱን ማሽተት ይዞት ሄዷል። እሱ ያውቃል፣ ሚጣም ታውቃለች፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተነጋገሩበትም፣ በዓይን ብቻ ነው የተግባቡት። “እሷ ግን አታውቅም” አለኝ። “ካወቀች በቁሟ ትሞታለች። ያ እጇ ነው ያላት ሁሉ። ምን አለበት፣ ትንሽ ብንታገስ? እንደኛ ብትሆኚስ?” ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። አንድ ቤት ሙሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር አንድ ቤት ሙሉ ሰው እንደማያውቅ ይሆናል።

ባልስማማ ደስ ባለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም አማቴን እየወደድኳቸው መጥቼ ነበር። በአራስነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ ጭንቅላቴን ደግፈው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ልጄን ድንቡሼን ያለ እሳቸው ማጠብ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አሁን ገና ከቤቱ ሰው መቆጠሬ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ባሌ መስታወት ፊት አቁሞ አሠለጠነኝ።

“ፈገግ በይ።”

ፈገግ አልኩ።

“ይኼ ፈገግታ ነው? ጥርስሽን ሊነቅሉሽ ነው የሚመስለው። ዓይንሽንም አብረሽ አስቂው።”

ተሳሳቅን። የምንሠራውን ብናውቅ ኖሮ እንዲያ አንስቅም ነበር። ፊቴ ቀስ በቀስ ተገራ። ያረረውንም፣ የሸተተውንም፣ ሳሙና የነካውንም ቶስት እየቀመስኩ ዓይኔን ጭምር ማሳቅ ቻልኩ። አማቴ ግን እየቆዩ መሄድ ጀመሩ። ቁራሿን ሰጥተው ፊቴ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ረዘመ። አንዳንዴ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ የደበዘዘ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ዓይናቸውን ያጠባሉ። እንደዚያ የሚያዩኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ያን ሰሞን ነው ሌላውን ነገር ያየሁት። ባሌ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ማድቤት ይገባና ጎንበስ ይላል። ጫማውን የሚያስር መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳይ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ጎንበስ የሚለው ከጠረጴዛው ሥር ካለው የጋዝ ሲሊንደር ጋ ነው፤ ቁልፉን ይዘጋል፣ እያፏጨ ይወጣል። ሚጣ ደግሞ ብርድ አንጀት በሚበላበት ጠዋት ሳይቀር “ውይ፣ ሞቀኝ!” እያለች የማድቤቱን መስኮት ትበረግዳለች። ትከሻዋ ላይ ጋቢ ደርባ ነው ሞቀኝ የምትለው።

ቡታጋዙ አሮጌ ነው። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል። በደህናው ላይ የሻይ ጀበና ጥደው ገንፍሎ ከፈሰሰ እሳቱ ይጠፋል፣ ጋዙ ግን ይቀጥላል። ድሮ አማቴ ሳሎን ተቀምጠው እንኳ በሽታው ያውቁና ተነሥተው ይዘጉት ነበር። አሁን ጋዙ እየወጣ እሳቸው አጠገቡ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ልጆቻቸው በተራ እየገቡ፣ እየቀለዱ፣ ጎንበስ እያሉ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይወጣሉ። ማንም ለማንም አልተናገረም። እኔም ሲሊንደሩ ጋ ደርሼ፣ የድንቡሼ መጫወቻ የወደቀ አስመስዬ ቁልፉን አጠበቅሁ። እንዲያ ባደረግሁ በመጀመሪያው ቀን ባሌ አየኝ፤ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ አለፈ። የቤቱ ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰኞ እየመጣ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ ሰኞ ያልቃል። የሱቁ ባለቤት ሰኞ ካልመጣሽ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ ብሏል፤ ሰውየው እንደሆነ ቃሉን አያጥፍም። ባሌ በጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ነው የሚመለሰው። ሚጣ ጠዋት ጠዋት ልብስ ለመለካትና ለማድረስ በየደንበኛው ቤት ትዞራለች። ከሰኞ ጀምሮ ቤት የሚቀሩት አማቴና ልጄ ብቻ ናቸው። እሳቸው፣ ድንቡሼና ያ ቡታጋዝ።

መጀመሪያ ልጁን እንዲይዙልን ስንለምናቸው ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። አላላቸውም። ድንቡሼን ከእቅፌ ተቀብለው፣ አፍንጫቸውን ፀጉሩ ውስጥ ቀብረው ብዙ ቆዩና፣ “እስቲ እንይ ልጄ፣ እስቲ ትንሽ እንቆይ” አሉ። ባሌ “እናቴ ደግሞ! ለልጅ ልጇ ልትግደረደር!” ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ከፋኝ። ሰው አያት ሆኖ እስቲ እንይ ይላል?

ከዚያ አንድ ጠዋት ማድቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቁራሿን በሳህን አላመጡልኝም፤ በእጃቸው ይዘው ወደ አፌ አቀረቡልኝ። ሥሯ ከሰል ሆኗል፤ ቺዙም ደህና አልነበረም።

“እንዴት ነው?” አሉኝ።

“እጅ ያስቆረጥማል፣ እማማ።”

“እውነት?”

“ይሙቱ!” አልኩ። ዓይኔን አሳቅኩት። ጎረስኩ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩ።

ያን ቀን እንዳዩኝ አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፤ ለካ እስከዚያ ድረስ ሰቅለውት ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ “ተመስገን” አሉ። “እንግዲያው ልጁን እኔ እይዘዋለሁ። ሰኞ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። አታስቢ።” ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለኝም። ግን እሳቸውን አቅፌ እያመሰገንኩ ሳለ የሲሊንደሩ ቀይ ቁልፍ ላይ ዓይኔ አረፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባሌን አላስቀምጠው አልኩ።

“እንንገራቸው። ዛሬ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።”

“በየት በኩል? ‘እማዬ፣ አፍንጫሽ ሞቷል’ ልበላት?”

“አዎ፣ እንደዚያው ብለህ።”

“ትሰበራለች።”

“ልጄስ?”

መላ አለኝ አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ አይቷል፤ ስጦታ ነው ብሎ ያመጣላቸዋል፣ ቡታጋዙን ለጥገና ብሎ ያወጣዋል፣ ማንም ሳይከፋው ነገሩ ያልቃል። እስከዚያ ሲሊንደሩን እያጠበቀ ይወጣል። “ራሳቸው ቢከፍቱትስ?” አልኩት። “ሰኞ ማታ እነግራታለሁ። በእናቴ ሞት። ሰንበቷን ግን አታበላሺባት” አለኝ። በእናቱ ሞት ነው የማለልኝ። ያን ጊዜ አልከበደኝም።

እሑድ ጠዋት ነፋስ ነበር። ከመንገዱ አቧራ እያፈሰ መስኮቱን ይደበድባል። ሚጣ የሙሽራ ቀሚስ ይዛ ስለነበር ነጩ ጨርቅ እንዳይበላሽባት ተነሥታ የቤቱን መስኮት ሁሉ ከርችማ ዘጋች፤ የማድቤቱንም። ባሌ ውጪ መኪናውን ያጥባል፤ እሑድ ስለማይወጣ ጎንበስ አላለም። እኔ መኝታ ቤት ድንቡሼን ልብስ እየቀየርኩለት የአማቴን ዜማ እሰማለሁ። ከንፈራቸውን ገጥመው ነው የሚያንጎራጉሩት፣ ቃል የለውም። የሻይ ጀበናው ሲንተከተክ ሰማሁ፤ ከዚያ ቸስ አለና ጸጥ። ክትፊያው ቀጠለ። የስፌት መኪናው ድምፅ ሁሉን ይውጠዋል። ድንቡሼ እግሩን እያወራጨ አስቸገረኝ፤ ካልሲውን ስፈልግ ቆየሁ።

ልጄን ጎኔ ላይ ታቅፌ ማድቤት ስገባ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ።

አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ቲማቲሙ ተከትፏል፣ ቃሪያው በቀለበት ተዘርግቷል፣ ቺዙ ተፈቅፍቋል፣ የበሶብላው ዘለላ ውሃው ሳይደርቅ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ጀበናውን አውርደው በቦታው መጥበሻውን ጥደዋል። እሳት የለም። ግራ እጃቸው ላይ የክብሪቱ ቀፎ፣ ቀኝ እጃቸው ላይ አንድ እንጨት።

ቢጠይቁኝ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን በዝርዝር መናገር እችላለሁ። ባሌ ሲሊንደሩን አልዘጋም አልኩ። ሁለት እርምጃ ነው፣ እዘጋዋለሁ አልኩ። እንደ ሌላው ቀን ነው አልኩ። ነገ ማታ ይነገራቸዋል፣ ዛሬ ሰንበታቸውን አላበላሽም አልኩ። “ይውጡ!” ብዬ መጮህ የሚባል ነገር ጨርሶ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

አማቴ ሰምተውኝ ዞሩ። ክብሪቱን እንደያዙ ቆሙ፣ ፊቴንም አዩ።

“መጣሽ?” አሉ።

“ደህና አደሩ፣ እማማ” አልኩና ፈገግ አልኩላቸው። መስታወት ፊት ከተማርኩት ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር። ዓይኔ ሳይቀር ሳቀ። ድንቡሼን ወደ ውጪ አዙሬ አንድ እጄን ወደ ሲሊንደሩ ሰድጄ ጎንበስ ስል የክብሪቱ እንጨት ሲጫር ሰማሁ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ አንሶላ ሲራገፍ እንደሚያሰማው ዓይነት። ሰማያዊ ነገር ከጠረጴዛው እስከ ጣሪያው ተነሣ። እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ፣ ልጄ ከሥሬ። እሳቸው በቡታጋዙና በእኛ መካከል ቆመው ነበር። ሲነድዱ ወደ በሩ አልሮጡም። ክንዳቸውን ዘርግተው እንደ ቆሙ ነው ሚጣ በነጩ የሙሽራ ቀሚስ የጠቀለለቻቸው። ባሌ ከነውሃው፣ ከነባልዲው ገባ። ድንቡሼ ጮኸ፤ እንደዚያ ጩኸት ደስ ያለኝ ነገር የለም። ፀጉሩ ጫፍ ጫፉ ተለብልቦ ነበር፣ ሌላ ምንም። እኔ ክንዴ ተላጠ። የቀረውን ሁሉ እሳቸው ወሰዱት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐኪሟ ቆማ ነገረችን። እጃቸው ይድናል፣ ጊዜ ይፈጃል። ቀኝ ዓይናቸው አይመለስም። የግራው ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቀው። ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት። ከዚያ እንባውን ጠርጎ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ፊቱን አብርቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

“እማዬ! ምንም አልሆንሽም እኮ! ነገ ከነገ ወዲያ ቤትሽ ነሽ!”

“ምንም፣ ምንም!” አለች ሚጣ ከኋላው፣ አንገቷ በእንባ እርሷል። “ቆዳ ነው የነካሽ፣ ቆዳ ብቻ።”

አማቴ ትራስ ላይ ነበሩ። ሁለት እጃቸው በፋሻ፣ ሁለት ዓይናቸው በፋሻ። የሚታየው አፋቸውና አፍንጫቸው ብቻ ነው።

“እጃችሁ ይባረክ” አሉ። “አሁን ውጡ። ምራቴ ትቅር።”

ወጡ። ባሌ በሩን ገርበብ አድርጎ እዚያው ቆመ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“ልጁ?”

“ደህና ነው። ፀጉሩ ብቻ።”

“አትዋሺኝም?”

“አልዋሽዎትም።”

ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ በረጋ ድምፅ፣ ቁርስ የሚያዝዙ በሚመስል ድምፅ ነገሩኝ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። ሳሙናውም፣ በሶብላውም፣ ጋዙም። የልጁን ጭንቅላት አሽትተው አሽትተው ሲያጡት ነው ያን ቀን እስቲ እንቆይ ያሉት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

“ልጆቼ ድንጋይ ባበስልላቸው ‘እጅሽ ይባረክ’ ነው የሚሉኝ። እኔው ነኝ እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኋቸው፤ ማንን ልውቀስ? አንቺ ግን ይሉኝታ የማያውቅ ፊት ይዘሽ መጣሽ። ደስ አለኝ። አፍንጫ አገኘሁ አልኩ። ቺዙን አይተሽ ፊትሽን ስታጨማድጂ ወስጄ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ፊትሽ እያማረ ሲሄድ አፍንጫዬ ይመለስልኛል፣ እጄም እየተስተካከለ ነው አልኩ። ለዚያ ነው ልጁን እይዘዋለሁ ያልኩሽ።”

አልጋው ላይ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

“ዛሬም እሳቱ ጠፍቶ አገኘሁት። መቼ እንደ ጠፋ አላወቅሁም። ክብሪቱን ይዤ አንቺን ጠበቅሁ። ፊትሽን አየሁት። ደህና ነበር።”

“እማማ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው። እኔ…”

“መቼ ነው ደግሞ አንቺም እንደ ልጆቼ የወደድሽኝ?” አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ከሆዴ የወጣው ልቅሶ ድምፅ ስለነበረው ሰምተውታል፤ እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ሲያልቅ ጭንቅላታቸውን ትራሱ ላይ አስተካከሉ።

“ሐኪሟ ዓይኔን ምን አለች?”

በሩ ስንጥቅ ላይ ባሌን አየሁት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ከኋላው ሚጣ ሁለት እጇን አጣምራ ትለምነኛለች፤ ይድናል በዪ፣ ምን አለበት፣ ለዛሬ ብቻ።

“ቀኝዎ አይመለስም” አልኳቸው።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ ጮኸች። ባሌ እንደ ጠላት አየኝና ከበሩ ላይ ጠፋ። አማቴ አልጮኹም። በፋሻ የታሸገ ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ።

“ግራውስ?” አሉኝ።